የወኪል እጅ የአማና እጅ ስለ መሆኑ

  

ውድ አንባቢ ሆይ! በንግድ ከሚኖሩት ሰዎች መካከል ዕቃውን ሁሉ በገዛ እጁ ገዝቶ በገዛ እጁ ሸጦ የሚያድር እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ በሱቁ ሰው ያስቀምጣል፤ ሌላው የወንድሙን ልጅ ገንዘብ አስይዞ ወደ ሩቅ ገበያ ይልካል፤ ሦስተኛው በደላላ ያሸጣል። እንግዲህ ወደ ቤትህ የሚገባው እንጀራ ሐላል ወይም ሐራም የሚሆነው አንተ በሠራኸው ብቻ አይደለም፤ አንተ የላክኸው ሰው በሠራውም ጭምር ነው። ተላኪ ከሆንህ ደግሞ ነገሩ ይብስብሃል፤ የምትይዘው ገንዘብ ያንተ አይደለምና።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ወጣት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊዱ ሰው እስኪጎድልበት ጠብቆ ወደ እኔ ቀረበና፥ «ሸኽዬ፥ የሰው ገንዘብ አልሰረቅሁም፤ ነገር ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለኝ። ነገሩን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። አጎቱ በደሴ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እርሱም በየወሩ ገንዘብ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ወደ መርካቶ እየወረደ ዕቃ ይገዛላቸዋል። አጎቱ፥ «ጣቃውን በሁለት ሺህ ብር ግዛ» ብለው ይልኩታል። ልጁ ግን ገበያውን ያውቃል፤ ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ ሱቅ እየዞረ፣ እየተከራከረ፣ አንዳንዴም ሻጩ እስኪዘጋ እየጠበቀ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ይገዛል። መቶውን ብር ወደ ኪሱ ያስገባል። «አጎቴን አልጎዳሁም» አለኝ። «በሁለት ሺህ ግዛ አሉኝ፤ ዕቃው በሁለት ሺህ ደረሰላቸው። ስንት ገዛኸው ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልዋሸሁም። መቶው ብር የምላሴና የእግሬ ዋጋ ነው።» ይህንንም እያደረገ አራት ዓመት ሆኖታል።

አንባቢዬ ሆይ! ፈጥነህ አትፍረድበት። በሱቅህ ያለው ሰው፣ ምናልባትም አንተ ራስህ፣ ይህንኑ ታስብ ይሆናል። ነገሩ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለምና ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

አንድ ሰው ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ጉዳይ ሌላው እንዲሠራለት በእርሱ ፈንታ ማቆሙ በዐረብኛ «ወካላ» ይባላል። እኛም ከዚሁ ቃል ወኪል እንላለን። የተፈቀደ መሆኑን ዑለማዎች ከሚያስረዱበት ማስረጃ አንዱ በሱረቱል ከህፍ የሚገኘው የዋሻው ሰዎች ታሪክ ነው። እነዚያ ወጣቶች ከረዥሙ እንቅልፋቸው በነቁ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘባቸውን አስይዘው ንጹሕ ምግብ መርጦ እንዲገዛላቸው ወደ ከተማ ላኩት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት ገና ወጣት ሳሉ የእመት ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ንግድ ይዘው ወደ ሻም አገር ሄደዋል፤ የኸዲጃ አገልጋይ መይሰራም አብሯቸው ነበረ። እመት ኸዲጃ የጋብቻውን ሐሳብ ያመጡት በዚህ ጉዞ ያዩትንና የሰሙትን ታማኝነት ተመልክተው መሆኑን ታውቃለህ። እንግዲህ አንተ የሰው ገንዘብ ይዘህ አውቶቡስ የምትሳፈር ወንድሜ፥ ሥራህን አትናቀው፤ ከነቢያት ሁሉ የበለጡት ነቢይ የሠሩት ሥራ ነውና።

አሁን የነገሩ ሥር የሆነውን ሕግ ስማ። የፊቅህ ሊቃውንት የወኪል እጅ የአማና እጅ ነው ይላሉ። ይህም ማለት በእጁ ያለው ገንዘብ በመንገድ ቢዘረፍ፣ ዕቃው በእሳት ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢወስደው፥ እርሱ ራሱ ካላጠፋ ወይም ቸል ካላለ በቀር አይከፍልም። «ያለ ጥፋቴ ጠፋብኝ» ሲል ቃሉ ከመሐላው ጋር ይታመንለታል። የዑስማንያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ያወጣውና «መጀላ» የሚባለው የሕግ መጽሐፍም ዐሥራ አንደኛውን ክፍል ለወካላ ሰጥቶ፥ ወኪሉ የተቀበለውን ገንዘብ በእጁ በአደራ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ቈጥሮታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለጠፋው ሁሉ ወኪሉ ይክፈል ቢባል ኖሮ የሰው ጉዳይ የሚሸከም አንድም ሰው ባልተገኘ፥ የሰዎችም ኑሮ በታወከ ነበር።

ወንድሜ ሆይ! ይህ ሕግ ለወኪል የተደረገ ርኅራኄ ይመስላል፤ በእውነትም ርኅራኄ ነው። ነገር ግን አስተውለህ ብትመለከተው የሕጉ ርኅራኄ ራሱ የወኪሉ ሸክም ነው። ሌባን ቁልፍ ይከለክለዋል፤ ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ ዳኛ ይጠይቀዋል። ወኪል ግን ቁልፉ በእጁ ነው፤ ዘበኛው ራሱ ነው፤ ዳኛውም ቃሉን ያምነዋል። በእርሱና በሰው ገንዘብ መካከል ከአላህ በቀር የቆመ የለም። ሸሪዓው ይህን ያህል ያመነውን ሰው ምስክር በሌለበት ስፍራ የሚያደርገውን ሁሉ የሚጠይቀው አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ አላህ በሱረቱን ኒሳእ (4፥58) አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው እንድንመልስ ሲያዝ፥ ከዳኛ የተሰወረውን ሁሉ ጭምር አዝዞናል።

የአማና እጅ ግን ጥፋት ሲገኝባት የባለ ዕዳ እጅ ትሆናለች። ወኪሉ ከታዘዘው መንገድ ወጥቶ በሌላ መንገድ ቢሄድና ዕቃው ቢጠፋ ይከፍላል። በእጁ በእጅ ሽጥ የተባለውን በዱቤ ሽጦ ገዢው ቢሰወር ይከፍላል። የላኪውን ገንዘብ ለጥቂት ቀን ለራሱ ንግድ ቢያሠራበት ባለ ዕዳ ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ ቢመልሰው እንኳ ኃጢአቱ አይቀርለትም። ይህ የመጨረሻው በገበያችን እጅግ ተለምዷል። ዛሬ ገንዘቡ በስልክ ስለሚላክ ሳምንት ሙሉ በሰው ሒሳብ ተቀምጦ ቢያድር ማንም አያየውም፤ ተላኪውም፥ «መለስሁት እኮ፤ ምን ጎደለ?» ይላል። የጎደለውስ ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። መቶው ብር የማን ነው?

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑርወ አል-ባሪቂ (ረ.ዐ.) አንድ ዲናር ሰጥተው በግ እንዲገዙላቸው ላኳቸው። ዑርወ ገበያ ወጥተው በአንዱ ዲናር ሁለት በግ ገዙ። ከሁለቱም አንዱን በአንድ ዲናር ሸጡት። ከዚያም ወደ ነቢያችን ሲመለሱ አንድ በግና አንድ ዲናር ይዘው መጡ። ነቢያችንም በንግዳቸው በረካ እንዲያገኙ ዱዓ አደረጉላቸው። ከዚያ በኋላ ዑርወ አፈር እንኳ ቢገዙ የሚያተርፉ ሆኑ። በኋላ ዘመን በኩፋ ከተማ ኩናሳ በተባለው ገበያ ቆመው ብዙ ትርፍ ያገኙ እንደ ነበር ተዘግቧል።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ በረካው ነው። እኔ ግን አንተ ስለ ዲናሩ እንድታስብ እለምንሃለሁ። ዑርወ የታዘዙት አንድ በግ እንዲገዙ ነበር፤ በጉንም አምጥተዋል። ነቢያችን በገበያው አልነበሩም፤ ዑርወ ስንት እንደ ገዙም አላዩም። ሁለተኛውን በግ ያስገኘው የዑርወ ምላስ፣ የዑርወ እግርና የዑርወ ብልኀት ነው። «ትእዛዙ ተፈጽሟል፤ ዲናሩ የድካሜ ነው» ለማለት ከእርሳቸው የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው ማን ነው? እርሳቸው ግን ዲናሩን በነቢያችን ፊት አስቀመጡት። ምክንያቱም ብልኀቱ የዑርወ ቢሆንም ብልኀቱ የሠራበት ገንዘብ የነቢያችን ነው። ወኪል ጉልበቱንና ዕውቀቱን ለላኪው ያበደረ ሰው ነው፤ በወኪልነቱ ላይ ሳለ ያስገኘው ሁሉ ወደ ገንዘቡ ባለቤት ይመለሳል። ሊቃውንትም ከዚሁ በመነሣት ሻጩ ለወኪሉ ዋጋ ቢቀንስለት ቅናሹ የላኪው ነው ብለዋል። በገበያ ምራቂ የምንለው፣ ሻጩ በገዛ ፈቃዱ ከሒሳቡ በላይ የሚጨምረውም እንዲሁ ነው።

«በሁለት ሺህ ግዛ አሉኝ» የሚለውስ? ይህ የላኪው ቃል ወሰን ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ሁለት ሺህ ያለው ሰው «ከዚህ በላይ አትለፍ» ማለቱ ነው፤ «ከዚህ በታች ያገኘኸውን ውሰድ» ማለቱ አይደለም። አለመጠየቁም ፈቃድ አይሆንም። አጎቱ ያልጠየቁት ስላመኑት ነው፤ እምነታቸውን የእርሱ ማስረጃ ሊያደርገው አይገባም።

ልብ በል፤ ላኪው በግልጽ፥ «ይህን ዕቃ በመቶ ሽጥልኝ፤ ከመቶ በላይ ያገኘኸው ያንተ ነው» ያለ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በዚህ ምንም ነውር የለበትም ብለዋል፤ ኢማም አሕመድም ይህንኑ ይዘዋል። አቡ ሐኒፋና አሽ-ሻፊዒ ግን የደሞዙ ልክ ስላልታወቀ አልተቀበሉትም። እኔ በበኩሌ ሁለቱ ወገኖች ዓይናቸው ተገልጦ ከተስማሙ ለመከልከል አልደፍርም፤ ነገር ግን የታወቀ ደሞዝ መቁረጥ ከጠብ ይጠብቃል። ዋናው ነገር በሁለቱም አቋም ላኪው ማወቁ ነው። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል ላኪው ሳያውቅ በወኪልነቱ ከሚያደርገው ውል ለራሱ ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። በዚህ የሸሪዓውና የአገሩ ሕግ አንድ ሆነዋል።

ከቅናሹ ቀጥሎ የሚመጣው ስጦታ ነው፤ ይህም ከቅናሹ ይልቅ ረቂቅ ነው። ሻጩ ለላኪው ዋጋ አልቀነሰም፤ ተላኪውን ግን ምሳ ጋበዘው፤ ለልጆቹ ልብስ ሰጠው፤ በዒድ ቀን ፖስታ አስያዘው። «ይህስ ለእኔ የተሰጠኝ ነው» ይላል ተላኪው። ይህን ቃል በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የተናገረ ሰው ነበረ። ከአዝድ ጎሣ የሆነ ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ ገንዘቡን ሁለት ቦታ ከፈለና ይኸኛው የእናንተ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢያችን በሚንበር ላይ ቆመው፥ ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ለምን አላየም ሲሉ ጠየቁ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እነሆ፥ መለኪያው በእጅህ ነው። ለማንም ሸኽ ሳትሄድ ራስህን በራስህ ልትጠይቅ ትችላለህ። የአጎቴ ገንዘብ በእጄ ባይኖር ኖሮ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚተካኝ ቢያውቅ ኖሮ፥ ይህ ባለ ሱቅ ይህን ፖስታ ይሰጠኝ ነበርን? አይሰጠኝም ካልህ ስጦታው የተሰጠው ለአንተ አይደለም፤ በእጅህ ላለው ገንዘብ ነው። ሻጩም ቂል አይደለም፤ የሰጠህን ከዋጋው ውስጥ መልሶ ያገኘዋል። በመጨረሻ የከፈለልህ ላኪህ ነው። አንድ ስኒ ሻይ፣ ለመጣ ሁሉ የሚቀርብ ቡና፣ እንግዳን የማክበር ልማድ ነውና በዚህ ላይ ወስዋስ ማብዛት አያስፈልግም። በድብቅ የሚሰጠው ግን መደበቁ ብቻ እንኳ ይመሰክርበታል። ሌላውን ሁሉ ለላኪህ ንገረው፤ እርሱ «ያንተ ይሁን» ካለ በደስታ ብላው።

ደላላ በዚህ ከወኪል ይለያል። ደላላ ገዢንና ሻጭን የሚያገናኝ ሰው ሲሆን፥ ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን በደላላ ክፍያ ነውር እንዳላዩበት ቡኻሪ ጽፈዋል። ሁለቱም ወገኖች አውቀው ቢከፍሉት፥ የአገሩም ልማድ ከሆነ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለአንዱ ወገን ብቻ የቆመ መስሎ ከሌላው በስውር የሚቀበል ደላላ ሁለቱንም አታልሏል። ነቢያችን የከተማ ሰው ለገጠር ሰው እንዳይሸጥለት መከልከላቸውን ኢብኑ ዐባስ ሲያብራሩ፥ ደላላ አይሁንበት ማለት ነው ብለዋል። በገበያ በር ላይ ቆሞ ማሩን ወይም ፍየሉን ይዞ የመጣውን ገበሬ የከተማው ዋጋ ሳይነገረው በፊት የሚያፈጥነውን ሰው ያየ፥ ይህ ክልከላ ለምን እንደ መጣ ይገባዋል።

ስለ ራስ መሸጥም ጥቂት ልበል። ዕቃ እንዲሸጥ የታዘዘ ወኪል ዕቃውን ለራሱ መግዛት አይገባውም። በሻፊዒዮቹ ዘንድ የታወቀው አቋም፥ ላኪው ፈቅዶለት እንኳ ቢሆን ለራሱ ወይም ለታናሽ ልጁ አይሸጥም የሚል ነው። ሻጭ ዋጋ ከፍ እንዲል ይመኛል፤ ገዢ ዝቅ እንዲል ይመኛል፤ በአንድ ልብ ውስጥ ሁለቱ ምኞቶች በቅንነት ሊኖሩ አይችሉም። ዱቤን በሚመለከት አሽ-ሻፊዒ ያለ ፈቃድ አይሽጥ ሲሉ፥ አቡ ሐኒፋ ለላላ ውክልና ይፈቅዳሉ። በእኛ ገበያ ዱቤ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን ለሊቃውንት ትተህ ላኪህን አስቀድመህ ጠይቀው።

እስካሁን የተናገርነው ወኪሉ ለላኪው ስላለበት ግዴታ ነው። ታዲያ ለላኪው ጥቅም ሲል የፈለገውን ያድርግ ማለት ነውን? ብዙ ታማኝ ተላኪዎች የሚወድቁት በዚህ ነው። ለራሳቸው አንድ ሳንቲም አይወስዱም፤ ለጌታቸው ሱቅ ሲሉ ግን ይምላሉ፤ የተቀደደውን ጣቃ አጥፈው ከሥር ያደርጋሉ፤ የገጠሩን ሰው ያስወድዱበታል። ይህንንም ታማኝነት ይሉታል።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ፈረስ እንዲገዛላቸው ሰው ላኩ። ተላኪው በሦስት መቶ ዲርሀም ተስማምቶ ገንዘቡን ይቀበል ዘንድ የፈረሱን ባለቤት ይዞ መጣ። ጀሪርም ፈረሱን አይተው፥ ፈረስህ ከሦስት መቶ ይበልጣል፤ በአራት መቶ ትሸጥልኛለህን አሉት። እንዲህ እያሉ መቶ መቶ እየጨመሩ እስከ ስምንት መቶ አደረሱት። ስለዚህም ሲጠየቁ፥ ለነቢያችን ቃል ኪዳን የገባሁት ለእያንዳንዱ ሙስሊም ቅን ልሆን ነው አሉ። ታሪኩን ጦበራኒ ዘግበውታል፤ ቃል ኪዳኑም በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ስለ አቡ ሐኒፋም ነውር ያለበትን ጨርቅ ለሸሪካቸው ልከው ነውሩን ለገዢ እንዲናገር አዘዙት፤ እርሱ ግን ረስቶ ሸጠው፤ ገዢውም ባለመታወቁ ኢማሙ የዕቃውን ዋጋ ሁሉ ሰደቃ አደረጉት ተብሎ ይተረካል። ስለዚህ ጌታህ እንድትዋሽለት አይፈልግ ይሆናል፤ አንተ ግን ሳይጠይቅህ ትዋሽለታለህ። ቢፈልግም አትታዘዘው፤ ወኪል የሚሆነው ላኪው ራሱ ሊያደርገው በተፈቀደለት ነገር ብቻ ነውና፥ ማታለል ደግሞ ለላኪውም አልተፈቀደለትም።

ላኪው ሙስሊም ባይሆንስ? ይህን የሚጠይቁ ነጋዴዎች አሉ፤ ለእርሱ ሕጉ የሚላላ ይመስላቸዋልና። አይላላም። ቡኻሪ በወካላ ክፍል እንደ ዘገቡት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) በመካ ያለ ንብረታቸውን ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ እንዲጠብቅላቸው፥ እርሳቸውም የእርሱን በመዲና እንዲጠብቁለት ተጻጽፈው ነበር፤ ኡመያ ደግሞ የሙስሊሞች ጠላት ነበረ። በ622 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ነቢያችን ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ሊገድሏቸው የመከሩት የመካ ሰዎች አማና በቤታቸው ነበረ። ዐሊይን (ረ.ዐ.) በመካ ትተው የሄዱት አንዱ ምክንያት ያንን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰልኝ፦ «ሸኽዬ፥ አጎቴ በአራት ዓመት ውስጥ ደሞዝ ቆርጠውልኝ አያውቁም። ሐቄን ወሰድሁ ብልስ?»

እውነቱን ልንገርህ፤ ይህ ጥያቄ ዝም አሰኘኝ። ሐቁን የተከለከለ ሰው በእጁ ከገባው የባለ ዕዳው ገንዘብ ላይ ሐቁን ይወስዳልን? በዚህ ሊቃውንት ተለያይተዋል። አሽ-ሻፊዒ ሐቁ የተረጋገጠለትና የተካደበት ሰው በልኩ እንዲወስድ ፈቅደዋል፤ የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ለራስዋና ለልጆችዋ የሚበቃትን በአግባቡ እንድትወስድ ነቢያችን የፈቀዱላትን ይጠቅሳሉ። ሌሎች ደግሞ፥ ያመነህን አማናውን መልስለት፤ የከዳህንም መልሰህ አትክዳው የሚል ትርጉም ያለውን ሐዲስ ይዘው ከልክለዋል። ነገር ግን ፈቃጆቹም የፈቀዱት ሐቁ ለታወቀና ለተካደ ሰው ነው። ይህ ልጅ ሐቁን ጠይቆ አያውቅም፤ ስለዚህ አልተካደም። ልኩም አልታወቀም፤ የደሞዙን ልክ የቆረጠው እርሱ ራሱ ነው፥ በጨለማ። ከዚህም ሌላ፥ የወሰደው በሠራው ልክ ሳይሆን ገበያው በፈቀደለት ልክ ነው።

ቢሆንም የአጎቱ ጥፋት አልተሰወረኝም። ሰውን ያለ ታወቀ ዋጋ ዓመታት ማሠራት፥ «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ቤቴ ይበላል» እያሉ ነገሩን በዘመድነት መሸፈን በእኛ ዘንድ በዝቷል። ብዙ የተላኪ ስርቆት የሚወለደው ካልተቆረጠ ደሞዝ ነው። ይህን የምለው ለተላኪው ምክንያት ልፈልግለት አይደለም፤ አንተ ላኪ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ሱቅህን ዘግተህ ስትቀመጥ ለሰውህ ስንት እንደምትከፍለው እርሱም አንተም ታውቁ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ።

ልጁን፥ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ መመለስ አለበት፤ የሰው ሐቅ በንስሐ ብቻ አይጸዳም አልሁት። ባለቤቱ ቢሞት ለወራሾቹ፥ ባይታወቅም በስሙ ሰደቃ ይሆን ነበር፤ አጎትህ ግን በሕይወት አሉ፤ ስማቸውንም ቤታቸውንም ታውቃለህ አልሁት። ለመናገር ካፈረ ገንዘቡን በሌላ ሰው እጅ ቢያደርስ ከሐቁ ነፃ ይወጣል። እርሱ ግን፥ «ፊታቸውን አይቼ እናገራለሁ፤ እርስዎ አብረውኝ ይሁኑ» አለኝ።

ሄድን። ሐጂው ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቈጡ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ልጁ በየወሩ ያስቀረውን በደብተር ጽፎት ነበር፤ ሳያውቀው ለራሱ ሒሳብ ይዞ ኖሯል። ደብተሩን አንድ በአንድ አገላበጡት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፥ «ሸኽ፥ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሰው ቢቀጠር ስንት ይከፈለዋል?» አሉኝ። እኔም በሻፊዒዮቹ በታወቀው አቋም በመጀመሪያ ደሞዝ ካልተጠቀሰ ግዴታ እንደሌለባቸው፥ አንዳንድ ሊቃውንት ግን ሥራው በደሞዝ የሚሠራ መሆኑ ከታወቀ የአምሳያው ዋጋ ይገባል ማለታቸውን ነገርኋቸው። «ሁለተኛውን ያዙልኝ» አሉ።

በማግስቱ ከገበያው ሁለት አረጋውያን ነጋዴዎች ተጠርተው የአራቱን ዓመት የአምሳያ ዋጋ ገመቱ። ልጁ ያስቀረው ከግምቱ በልጦ ተገኘ። ትርፉን በሦስት ወር ለመክፈል ተስማማ። ሐጂው በዚያው ቀን ወረቀት አስመጥተው በየጣቃው ስንት እንደሚከፈለው አስጻፉ፤ ቅናሽም ምራቂም ለባለ ገንዘቡ እንደሆነ ከሥሩ ተጻፈ። ልጁ ሲፈርም እስኪርቢቶው አልጽፍ አለው፤ አጎቱ ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን አውጥተው ሰጡት።